ምዕራፍ ሰባት፦ ቀንድ የለበሰ ምላጭ

ቂሊንጦ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ነው። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየሙ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ፣ ለመድኃኒት አምራቾች ታስቦ የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይመጣሉ። ፀጉር ቤቶቹን የሚያነሳ የለም። እኔ የማነሳቸው በውስጣቸው ቀኑን ሙሉ ስለሚደጋገም አንድ ትንሽ ሥርዓት ብዬ ነው። ፂሙን ሊላጭ ከተቀመጠ ደንበኛ ፊት ባለሙያው ስስ ምላጭ ከነወረቀቱ ያወጣል፤ አጥፎ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ግማሹን መያዣው ላይ ሰክቶ ሥራውን ይጀምራል። ሲጨርስ ይጥለዋል። ደንበኛው ወረቀቱ ሲቀደድ ካላየ አንገቱን አይሰጥም።

ሥርዓቱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረው ፀጉር አስተካካይ ታጣፊ ምላጩን ቆዳ ላይ እያፋተገ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ጉንጭ ይሸጋገር ነበር። ኤች አይ ቪ አገራችን መግባቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከተወሰዱ የደም ናሙናዎች ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ፣ ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም ያልተሰበከበት ቦታ የለም። የእኔ ዘመን ተማሪ የማባዣ ሰንጠረዡን ቢረሳ የመተላለፊያ መንገዶቹን አይረሳም።

ምክሩ ትክክል ነበር። እንዲያውም ከኤች አይ ቪ ይልቅ ምክሩን የሚያጸናው የጉበት ቫይረስ ቢ ነው፤ ከሰውነት ውጭ፣ ደረቅ ነገር ላይ ሳይቀር ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ታጣፊው ምላጭ ግን ከመጋራቱ ጋር አብሮ ተኮነነ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። አንድ ሰው ለብቻው የያዘው፣ ለልጁም ለወንድሙም የማያውሰው ምላጭ እንደ ጥርስ ብሩሹ የግል ዕቃው ነው።

እዚህ የምንነጋገረው ስለዚያ ዓይነቱ ምላጭ ነው። መሳቢያ ሥር ተረስቶ ወይም መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ማጠፊያና ከተበተነ ቁልፍ ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ ዝጓል፣ እጀታው ተሰንጥቋል፣ ስለቱ ደንዟል። በእጅ ሥራ ብቻ ይድናል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ለእጀታው የሚሆነው ነገር ከቄራና ከማገዶ ሻጭ ደጅ ይገኛል። የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ዝገት ካጠፋቸው አሮጌ ምላጮች ይልቅ ሊያድኗቸው የተነሱ ሰዎች ያጠፏቸው እንዳይበልጡ እሰጋለሁ።

* * *

ብረቱ ከየት መጣ? ገበያችን ላይ የሚገኘው ታጣፊ ምላጭ አንገቱ ላይ ማኅተም ካለው፣ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ከሁለት ከተሞች የአንዱ ስም ነው፤ የእንግሊዟ ሼፊልድ ወይም የጀርመኗ ዞሊንገን። በሼፊልድ አካባቢ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ብረትን በሸክላ ማሰሮ አቅልጦ ወጥ የሆነ ዓረብ ብረት ማውጣት ቻለ። ቀድሞ የነበረው ብረት አንዱ ጎኑ ጠጣር፣ ሌላው ልል እየሆነ ያስቸግር ነበር፤ እንዲህ ያለ ብረት ማጭድ ይወጣዋል፣ ጥሩ ምላጭ ግን አይወጣውም። ዞሊንገን በበኩሏ ስሟን በሕግ አስከብራለች። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋና በአካባቢዋ ያልተሠራ ስለት የከተማዋን ስም ሊይዝ አይችልም።

የአውሮፓ ዕቃ ወደ መሐል አገር የሚገባበት ዋናው መንገድ ጂቡቲ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከዋና ከተማዋ በፊት ከሚቆምባቸው ጣቢያዎች አንዱ ለቂሊንጦ ቅርብ የሆነው አቃቂ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቂሊንጦ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተገኘ የዞሊንገን ምላጭ ከዘመናት በፊት በዚሁ ሠፈር አጠገብ በፉርጎ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከጣሊያን ወረራ የቀረም ይኖራል፤ ለትምህርት ወይም ለኮሪያ ዘመቻ የሄደ ዘመድ ያመጣውም ይኖራል። የአገራችን ቀጥቃጭም ምላጭ ሠርቷል። ሙያው ግን ክብር አላገኘም። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቡዳ ማለት ልማድ ሆኖ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ በአንድ ቀን አልቀረም፤ ሰድበን ካባረርነው እጅ የምናገኘውን ስለት ከባሕር ማዶ ስናስመጣ ኖርን።

ታጣፊውን ምላጭ በዓለም ደረጃ ከዙፋኑ ያወረደው አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ የሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመያዣው ቁጥር ከ90 ሺህ አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መያዣና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ምላጭ ገዛው። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጣለውን ምላጭ ለምዶ ተመለሰ። ጂሌት ያሸነፈው በተሻለ ስለት አይደለም፤ መሳል የሚባለውን ሥራ ከሰው ትከሻ ላይ በማንሳቱ ነው።

* * *

አሁን ምላጩን ከጫፉ በኩል፣ በጎን አቁማችሁ ተመልከቱት። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ከዚያ በሁለቱም ወገን እየጎደጎደ ወርዶ ስለቱ ጋ ሲደርስ ከወረቀት ይሳሳል። ድንጋይ ላይ ስታስተኙት ድንጋዩን የሚነኩት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ ጀርባውና ስለቱ። ሆዱ አየር ላይ ነው።

የዚህ ዕቃ ብልሃት ሁሉ እዚህ ላይ አለ። ከጀርባ እስከ ስለት 16 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ጀርባው ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ምላጭ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ሲሳል ስለቱ 16 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይይዛል። የወጥ ቤት ቢላ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ቢላ የሚስል ሰው ማዕዘኑን በእጁ መገመት አለበት፤ ምላጭ የሚስል ሰው ግን ምንም አይገምትም። ጀርባው ይመራዋል። ዓመታት ሲያልፉ ጀርባውም ስለቱም አብረው ስለሚበሉ ማዕዘኑ ብዙም አይዛባም። ይህን ልክ አስልቶ የተወልን ምናልባት ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሞራጅ ነው። ጀርባውን ለማሳመር ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ የሚውል አዳሽ የሚያጠፋው ያንን ስሌት ነው።

ሁለተኛው ስሌት የማይታይ ነው። የምላጭ ብረት ከመቶው አንድ እጅ ገደማ ካርቦን አለበት፤ በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በመጠኑ ተመልሶ ሞቆ ጠጣርነቱን አግኝቷል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካለፈ ያ ጠጣርነት መላላት ይጀምራል። ከ220 አካባቢ ብረቱ ቢጫ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። እንደ ወረቀት የሳሳ ስለት ግራይንደር ላይ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። በብየዳ ቤት ግራይንደር ያበራ፣ አንጸባራቂ፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ጥላ ያለበት ምላጭ ካያችሁ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ፤ ወረቀት መቁረጫ እንጂ ምላጭ አይሆንም።

ስለታምነት ራሱ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ዳር ባለው መልካ ቁንጥሬ፣ የሰው ዘር ቀደምቶች ከ12 መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ቦታው ከባልጩቱ መገኛ ጋር አብሮ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቅንጣት የለውም። በዚህ የተነሳ ትኩስ ስንጣሪው ከማንኛውም የብረት ምላጭ ይሳላል። ነገር ግን አንዴ ከደነዘ ደንዟል፤ ሌላ መፍለጥ ነው። ብረት በስለት ባልጩትን አልረታውም። ያሸነፈው ተመልሶ መሳል በመቻሉ ነው፤ አሮጌ ምላጭ ማደስም የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

* * *

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ ስለቱን። ከስለቱ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ዝገት ክፉ ነው፤ ሲሳል ጉድጓዱ ስለቱ ላይ ይደርስና ጥርስ ይፈጥራል። ጀርባና ሆድ ላይ ያለ ዝገት መልክ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስንጥቅ። የአውራ ጣት ጥፍራችሁን ከሥር አስደግፋችሁ ስለቱን በቀስታ ሂዱበት፤ ብረቱ በትንሹ ይለጠጣል፤ ስንጥቅ ካለ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የተሰነጠቀ ምላጭ አይድንም። ሦስተኛ ጀርባው። አንዱ ጎን ተበልቶ ሌላው ካልተበላ ያለፈው ባለቤት አጣምሞ ሲስለው ኖሯል። ጣት ያለበት ሥራ ስለሆነ ይህንንም ልበል፤ የዛገ ምላጭም ይቆርጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ካረጀ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ከምናለሽ ተራ የመጣ ነው። ማኅተሙ ዞሊንገን ይላል፤ የሠሪው ስም በዝገት ተበልቷል። ዝገቱ የተቀመጠበት ቦታ ይገርማል፤ ጀርባው ንጹሕ ነው፣ እጀታው ውስጥ የሚተኛው ግማሽ ግን ቀልቷል። ጥፋተኛው እጀታው ነው። ሴሉሎይድ ይባላል፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ ለቢሊያርዶ ኳስ የዝሆን ጥርስ ምትክ ሲፈልግ ያበጀው ነው። በናይትሪክ አሲድ ከታከመ ጥጥና ከካምፎር ይሠራል። ሲያረጅ የገባበትን አሲድ መልሶ ይተፋል፤ ጋዙ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የታቀፈውን ብረት ይበላል። ስለዚህ የተሰነጠቀና ካምፎር ካምፎር የሚል አሮጌ እጀታን መጠገን ከንቱ ነው። ቅርፁን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ አስወግዱት፤ ከእሳት ግን አርቁ፣ እንደ ጭድ ይነድዳል።

የዝሆን ጥርስ እጀታም አንዳንዴ ያጋጥማል። አዲስ እጀታ ከዝሆን ጥርስ ልሥራ የሚል ካለ፣ መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6 ቶን የሚያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ እንዳቃጠለ ያስታውስ።

እጀታውን ማውለቅ ቀላል ነው። እጀታውን ከምላጩ ጋር የያዘውን ምስማር ራስ በጥሩ ሞረድ ሞርዶ ጠፍጣፋ ማድረግ፣ ከዚያ ጫፉ በተቆረጠ ሚስማር ከወዲህ መትቶ ከወዲያ ማስወጣት። ጉልበት ካስፈለገ ራሱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

* * *

ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ የላላ ነው፤ እርጥበት ያዝላል፣ ይስፋፋል። ጥቁሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የረጋ ነው፤ እንዲያውም ብረቱን በመጠኑ ይከላከልለታል። ቀዩ ይነሳ፤ ጥቁሩ ባለበት ይቅር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቁሯን ነጠብጣብ ሁሉ ካላጠፋሁ ብሎ ሲፋለም ነው። ነጠብጣቡ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድን ማጥፋት የሚቻለው ዙሪያውን እስከ ወለሉ ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው። ይህም ማለት ሳስቶ የተሠራውን ሆድ የበለጠ ማሳሳት ነው።

አቼቶ ወይም ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚል ምክር ከሁሉም አቅጣጫ ትሰማላችሁ። አሲዱ ዝገቱን ሲያሟሟ ጤነኛውንም ብረት ይነካል። ለመጥረቢያ ግድ የለም። ለምላጭ ስለት ግን አልመክርም። ይልቅ የስፌት መኪና ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ አንድ ተራ ምላጭ አስተኝታችሁ ቀዩን ዝገት በቀስታ ፋቁት። አብዛኛው በዚህ ብቻ ይነሳል። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት፤ 600 ቁጥር፣ ቀጥሎ 1000፣ ቀጥሎ 2000፣ በዘይት ርሶ፣ ቡሽ ላይ ተጠቅልሎ። ምላጩ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተኝቶ፣ እጃችሁ ከአንገት ወደ ጫፍ በርዝመቱ ይሂድ እንጂ ወደ ስለቱ አቋርጦ አይሂድ። ወረቀቱን ስለቱ ይይዘውና ወይ ወረቀቱ ወይ ጣታችሁ ይቀደዳል። ጀርባውንና ማኅተሙን አትንኩ። ከ400 ቁጥር የሻከረ ወረቀት እጄ አላስገባም፤ እሱ የሚተወውን ጭረት ለማጥፋት የሚፈጀው ሰዓት ከዝገቱ ይበልጣል።

* * *

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ከሴሉሎይድ በፊት የምላጭ እጀታ በአብዛኛው ቀንድ ነበር። ቀንድ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል፤ በአፍሪካ እንደ ኢትዮጵያ የከብት ሀብት ያለው አገር የለም። ቀንድ ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ የሚላጨው ፂምም እንደዚያው። ሲሞቅ ይለዝባል፤ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ የተጫነበትን ቅርፅ ይይዛል። የጠጅ ዋንጫና ማበጠሪያ ሠሪዎቻችን ይህን ባሕርይ ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ምክር ከፈለጋችሁ ከማንኛውም መጽሐፍ፣ ከዚህኛውም ጭምር፣ እነሱን አስቀድሙ።

ቀንዱን የምታገኙበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ቀንድና ቆዳ የበሽታውን ዘር ለብዙ ዓመት ይይዛል፤ ተራ መቀቀልም እርግጠኛ መድኃኒት አይደለም። መንገድ ዳር ከሞተ ከብት የተነቀለ ቀንድ አትንኩ። በሐኪም የተመረመረ እርድ ካለበት ቄራ የወጣ ቀንድ ይሁን። ስትሞርዱም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የቀንድ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

ትልቅ ቀንድ፣ ለምሳሌ የራያ ሰንጋ፣ ሰፊ ገበታ ይሰጣል። የጫፉን ድፍን ክፍልና የሥሩን ስስ ክፍል በሴጌቶ ቆርጣችሁ መሐሉን አስቀሩ። ቱቦውን በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ ቀቅሉት። እዚህ ላይ የአውሮፓ መጻሕፍት የሚሰጡትን ደቂቃ አትመኑ። ቂሊንጦ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቀንዱ ለመለዘብ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በፒንሳ ስትይዙት እሺ ብሎ ሲከፈት ደርሷል። ሲያስቸግር በጉልበት ከከፈታችሁት በክሩ ይሰነጠቃል። ከተከፈተ በኋላ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መሐል አስገብታችሁ ሞርሳ ላይ ጨብጡትና እስኪቀዘቅዝ፣ ቢቻል እስኪያድር ተዉት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ለሳምንታት ይድረቅ። ያልደረቀ ቀንድ ተቆርጦ እጀታ ከሆነ በኋላ ይጣመማል።

ሽታውን አልደብቅም። ቀንድ መቀቀል በኮንዶሚኒየም የግል ጉዳይ አይደለም፤ ሦስተኛ ፎቅ የተቀቀለ ቀንድ አምስተኛ ፎቅ ይሸታል። ለእርድና ለመሰል ሥራ የተሠራው ኮሚናል ምን ይሠራል? እዚያ ውረዱ።

ቀንድ ለማይመቸው ወይራ አለ። ክብደቱ፣ ጥግግቱና ቅባቱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያስመስለዋል፤ የማገዶ ሻጭ ዘንድ የደረቀ ቁራጭ አይጠፋም። እንጨት ውሃ ስለሚጠጣ የተልባ ዘይት በስሱ እየቀባችሁ፣ በየመሐሉ እያደረቃችሁ ደጋግሙለት። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይጠጥራል፤ የምግብ ዘይት ግን እንደተጣበቀ ይቀራል።

ቅርፁን ከአሮጌው እጀታ ገልብጡ። ሁለቱን ጎኖች በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር አጣብቃችሁ አንድ ላይ ቁረጡ፣ አንድ ላይ ሞርዱ፣ አንድ ላይ ብሱ፤ ያኔ ቀዳዳዎቹ አይዛነፉም። የእያንዳንዱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቀዳዳው 1.6። በምላጩ አንገት በኩል የሚያልፈው ምስማር መዞሪያ ነው። በሌላኛው ጫፍ በሁለቱ ጎኖች መሐል ውሻል ይገባል፤ ቀጭኑ ወገን ወደ ምላጩ ይዞራል። ይህች ትንሽ ውሻል የሌለችበት እጀታ ምላጩን አይጨብጠውም። ሁለቱ ጎኖች በስሱ እንዲለጠጡና አንገቱን በራሳቸው ግፊት እንዲይዙት የምታደርገው እሷ ናት። ድሮ ከእርሳስ ትሠራ ነበር፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከተረፈው ቀንድ አብጇት።

ለምስማሩ የነሐስ ሽቦ፣ ለሮንዴላው ባዶ የጥይት ቀለሃ። ቀለሃ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ያለው ነሐስ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በመቀስ ሊቆረጥ ይችላል። ምስማሩ ከሮንዴላው በላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ። ከሥሩ ብረት አስደግፋችሁ በትንሽ መዶሻ፣ እያዞራችሁ፣ ብዙ ቀላል ምት ምቱት እንጂ ጥቂት ከባድ ምት አይሁን። በየመሐሉ እያገላበጣችሁ ምላጩን ክፈቱና ዝጉ። ሲከፈት ትንሽ ከተቋቋመ፣ ሲዘጋ ግራም ቀኝም ሳይነካ መሐል ከገባ በቃ፤ መዶሻውን አስቀምጡ። አንድ ምት ሲጨመር ቀንድ ይሰነጠቃል፤ ሥራው ደግሞ ከመቀቀል ይጀምራል።

* * *

መሳል የሚጀምረው ድንጋዩን ከማስተካከል ነው። ከመርካቶ የሚገዛ ድንጋይ ለጥ ያለ ቢመስልም አይደለም። በእርሳስ መስመር አስምሩበትና መስታወት ላይ በተዘረጋ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ለጥ ብሏል። ከዚያ የምላጩን ስለት በማርከር አጥቁሩ። 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ ጀርባውንም ስለቱንም አስተኝታችሁ፣ ስለቱን አስቀድማችሁ ግፉ፤ ስታዞሩት በጀርባው ላይ እንጂ በስለቱ ላይ አይዙር። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ቀለሙ የት ጠፋ የት ቀረ የሚለው ሁሉን ይነግራችኋል። የቀረበት ቦታ ድንጋዩን አልነካም። ከአንገት እስከ ጫፍ በሁለቱም ወገን ቀለሙ እስኪጠፋ ከዚህ ደረጃ ንቅንቅ የለም። ሰዎች ምላጬ አልሳል አለኝ ሲሉ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ወደ ቀጣዩ ድንጋይ የሄዱት ይህ ሳያልቅ ነው። ጀርባው እንዳይበላ ናስትሮ የሚለጥፉበት አሉ፤ ክፋት የለውም፣ ማዕዘኑን ግን በጥቂቱ ያሰፋዋል፤ አንዴ ከለጠፋችሁ ሁልጊዜ ለጥፉ።

ከዚያ በኋላ 4000፣ ከዚያ 8000፤ እየሄደ ግፊቱ እየቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ የምላጩ ክብደት ብቻ። ጥሩ ድንጋይ የሚያመጣ ዘመድ ከውጭ ካልመጣላችሁ መስታወት ላይ የተለጠፈ 2000 ቁጥር ወረቀትና፣ ቆዳ ላይ የተቀባ አረንጓዴ ክሮሚየም ኦክሳይድ እስከ ብዙ መንገድ ያደርሳሉ።

ቆዳው የመጨረሻው ነው፤ ሰፊና ወጥ የበሬ ቆዳ ጠፍር። ቆዳ ፋብሪካ በማይጠፋበት በአቃቂ ቃሊቲ ይህን መፈለግ አድካሚ አይደለም። እዚህ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ጠፍር ለሌለው የተጣጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በቅንነት ያገለግላል፤ ወረቀቱም ቀለሙም በጣም የላመ ማለስለሻ ናቸው።

ለምን ይህ ሁሉ? ብረት ከፂም 50 እጥፍ ገደማ ይጠጥራል፤ ሆኖም ፂም ብረትን ያደነዝዛል። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ምላጭ ፀጉር ሲቆርጥ በማይክሮስኮፕ ተከታትለው ያገኙት፣ ስለቱ ቀስ በቀስ ተፍቆ ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር ወጥ ካልሆነና ፀጉሩ በተወሰነ አቅጣጫ ከተጫነው ጥቃቅን ፍንካቾች ይነሳሉ። አንዲት ፍንካች ስለቱ ላይ ካለች ደግሞ ለቀጣይዋ ቦታ ታዘጋጃለች። ስለዚህ ድንጋይ ላይ የተረሳች ጥቃቅን ጥርስ ባለችበት አትቀመጥም፤ ታድጋለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትላጩ ጉንጭና ጉንጭ ብቻ ይበቃል፤ አገጭና አንገት ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆዩ። ፊታችሁን በሙቅ ውሃ በደንብ አርሱ፤ ውሃ የጠገበ ፂም በቀላሉ ይቆረጣል። ምላጩ ከቆዳችሁ 30 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ በሌላ እጃችሁ ቆዳውን ወጥሩ። ሲላጭ ከጎተተ አትጫኑ፤ ስሕተቱ ድንጋዩ ላይ እንጂ ክንዳችሁ ላይ አይደለም።

መታጠቢያ ቤት አታኑሩት፤ መስኮት የሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በክረምት ለዝገት የተመቸ ነው። ከተላጫችሁ በኋላ አጥባችሁ አድርቁት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩለት። በየመላጫው ቀን ቆዳው ላይ ከ30 እስከ 50 ምልልስ። ከወራት በኋላ መጎተት ሲጀምር 8000ው ላይ አሥር ምልልስ ይበቃዋል። ወደ 1000ው የምትመለሱት ሴራሚክ ላይ ከወደቀ ብቻ ነው።